ከካርዱ ጀርባ

ደምመላሽ ጡረታ የወጣ ሰሞን በጅቡቲ፣ በካርቲየ 5 ሰፈር የሚያውቁት ሁሉ ትንቢት ተናገሩለት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአዲስ አበባና በጅቡቲ መሀል ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ አሁን ደግሞ ሥራ የለው፤ እንግዲህ ይኼን ሰው ጫት ይጨርሰዋል አሉ። ጫትስ አልጨረሰውም። እሱን የጨረሰው መጀመሪያ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው፤ ቀጥሎ ፍቅር።

ሰው ሲያረጅ ዳዊት ይይዛል፤ ደምመላሽ የብሎን መፍቻ ያዘ። በመጀመሪያ አንዲት ቬስፓ፣ ከዚያ ፔዳል ያላት ሞቢሌት ከሞት አስነሣ። ሦስተኛዋን ከቡላኦስ ገበያ ጀርባ፣ የወዳደቀ ብረት ከሚሸጥበት ግቢ፣ ከተሰባበሩ ማቀዝቀዣዎች ሥር ጎትቶ አወጣት። ቴሮ ትባላለች። ፈረንሳዮች ከተማውን ሲያስተዳድሩ የመጣች፣ በዕድሜ ከእሱ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ የባሕር ጨው እስከ አጥንቷ የበላት ጥቁር ሞተር ሳይክል ነች። ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪው ሙጠሊብ ያያት ዕለት፣ «ወሪያ ሙሴ ደምመላሽ! ይኼን ቀብረህ ዱዓ አድርግለት እንጂ ምን ትፈታዋለህ?» ብሎ ሳቀበት።

ደምመላሽ ግን ፈታት። አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚያድስ ሰው አንድ ሕግ አለው፤ የፈታውን ሁሉ ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል። ከየት እንደወጣ በካርድ ይጻፍና በቀጭን ሽቦ ይታሰርበታል። መፍታቱ የሳምንታት ሥራ ቢሆንም የተበላው ዕቃ ተፈልጎ እስኪገኝ ወራት ያልፋሉ፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ሰው ይረሳል። ሲገጠም ተራው ይገለበጣል። መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይገባል፤ መጀመሪያ የወጣው መጨረሻ ላይ ይገባል።

ካርዶቹን የምትጽፍለት ወይዘሮ ሰብለወርቅ ነበረች። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር፣ የኢትዮጵያውያንን ልጆች ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማረች፣ የምድር ባቡር ሒሳብ ሹም የነበረ ባሏን ከቀበረች ዘጠኝ ዓመት የሆናት የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። በኅዳር፣ ጅቡቲ ትንሽ ሰው ሰው በምትሸትበት ወራት፣ ደምመላሽ ፈራ ተባ እያለ በሯ ላይ ቆሞ፣ «የእኔ የእጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው፤ እርስዎ ቢጽፉልኝ» ብሎ ለመናት። እሺ አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጫት የያዘው ከተማ ገና ከምንጣፉ ሳይነሣ፣ መንገዱን ተሻግራ ትመጣለች። የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ትቀመጣለች፤ ከጫማ ካርቶን የተቆረጡትን ካርዶች ጉልበቷ ላይ ትደረድራለች። እሱ «ይኼ የፊት መብራት ነው» ይላል፤ እሷ በወፍራም ጥቁር ቀለም «የፊት መብራት» ብላ ትጽፋለች። ከዚያም እንዳቀረቀረች ትቆያለች። መምህርት ናትና ፊደል እያሳመረች ነው ብሎ ያስባል። ያቀረቀረ ራሷን እያየ ልቡ ይሞቃል።

እውነቱን እንናገር ካልን ደምመላሽ ካርድ አያስፈልገውም ነበር። ብሎንን በጣቱ ያውቀዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በበረሃ መንገድ ላይ መኪና ሥር ተኝቶ ጨለማ ውስጥ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። የፈለገው ጸሐፊዋን ነው። ሌላም እውነት ነበረው፤ ይኼኛውን ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ ተጋርደው ነበር። ጡረታ ያወጣውም ዕድሜው ሳይሆን ዓይኑ ነው። ሐኪሙ በቀላሉ ይሠራል ብሎታል፤ እሱ ግን በዓይን ላይ ምላጭ ሲባል ይሸሻል። ዛሬ ነገ እያለ ሦስት ዓመት አለፈው። ሰብለወርቅን እንደ ጥላ ነው የሚያያት፤ ነጠላዋን ያያል፣ አንገቷን ስትደፋ ያያል፣ ፊቷን ግን አያይም፤ ዓይኑ ደህና ሳለም መንገድ ላይ ስለኖረ አንድ ቀን ቀርቦ አይቷት አያውቅም። ልጠይቃት ይላል። መልሶ ደግሞ፣ ነገ እጁን ይዘው የሚመሩትን ሽማግሌ የትኛዋ ሴት ታገባለች ይልና ይተወዋል። እንዲህ እየወደዳትና እየፈራት ክረምቱ መጣ።

*

ወሬውን ያመጣለት ሙጠሊብ ነው። ሰኔ ገብቷል፤ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ተነሥቶ የቆርቆሮውን ጥላ ያንገጫግጨዋል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ደምመላሽ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ የቴሮዋን ሰንሰለት ይገጥማል።

«ሙሴ፣ ሰማህ?» አለ ሙጠሊብ ሴቱን ወንድ በሚያደርገው የሱማሌ አማርኛው፣ ሁለት ትኩስ ዳቦ ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ። «መምህርት ሊሄድ ነው። ሐሙስ። በባቡር።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ድሬዳዋ። ልጁ ጋ። ቤቱን ለባለቤቱ መልሷል። ሴ ፊኒ፣ አለቀ። ተመልሶ አይመጣም አሉ።»

ደምመላሽ ሰንሰለቱን ከእጁ አልለቀቀም። ቁጭ ብሎ ቀኑን ቆጠረ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ የራቀችው ለምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እስከ መጋቢት በየቀኑ ስትመጣ የኖረች ሴት አንድ ቀን ቀረች፤ ቀረች በቃ። ያን ዕለት በደንብ ያስታውሰዋል። የሚጠብቀው ኩሽኔታ ከማርሴይ በመርከበኛ እጅ የደረሰበት፣ መግጠም የጀመረበት ቀን ነበር። ኩሽኔታው የሚገባበትን ብረት ለማፍታታት ከሰል አቀጣጥሎ እያሞቀው ሳለ በሩ ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማ። «ይግቡ እንጂ ወይዘሮ ሰብለ!» አለ ቀና ብሎ። ማንም አልገባም። ኮቴው ተመልሶ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሸሚዝ ለውጦ በሯን አንኳኳ። ከፈተችለት፤ ግን ይግቡ አላለችውም። «ሥራ በዛብኝ ጋሽ ደምመላሽ» አለች፤ ድምፅዋ እንግዳ የምትሸኝ ሴት ድምፅ ነበር። እሱም ምክንያቱን ለራሱ ፈለገለት። ዓይኔን ነቅታብኛለች አለ። በፊት አንድ ቀን ፊቱ ያስቀመጠችለትን የሻይ ብርጭቆ ሳያይ በክርኑ ደፍቶት ነበር። ወይም ደግሞ የልጇ ነገር ይሆናል። ፅዮናዊት ከድሬዳዋ ደውላ፣ ስልኩ ጮክ ብሎ እንደሚሰማ ሳታውቅ፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሹፌር? በየኬላው ሴት ያለው?» ስትል እሱም ብሎኑን እያጠበ ሰምቷል። ሰብለወርቅ ደንግጣ ስልኩን ዘጋችው። እሱ ሳቀና፣ «በየኬላው ያለኝ የተቀጣ መኪና ነው» ብሎ ቀለደበት። የሳቀው በጥርሱ ነው።

አሁን ልትሄድ ነው። ሐሙስ ከሄደች በኋላ የሚጠይቃት ሴት አይኖርም። ያን ማክሰኞ ዳቦው እንደተቀመጠ ደረቀ። ሄዶ በሯን ሊያንኳኳ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ሦስት ጊዜም ተቀመጠ፤ በራሱም አፈረ።

*

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮቴዋን ሰማ። በእጁ የነበረው ዳዶ አምልጦት አሸዋው ውስጥ ወደቀ።

«ልሰናበትዎት ነው የመጣሁት ጋሽ ደምመላሽ» አለች።

«ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ዕቃ አላሰርኩም ገና።» ከአፏ ይህ ወጣ እንጂ አልሄደችም። ወደ ቴሮዋ ቀረብ አለች። «ሊያልቅ ነው ማለት ነው?»

«አራት ነገር ነው የቀረው። መሪው፣ ሰልባትዮው፣ ኮርቻውና የፊት መብራቱ።» አራቱም ከነካርዳቸው ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥለዋል። ቤንዚን መያዣውን ሰልባትዮ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ ጥቁር ቀለሙ አዲስ ነበር። «መጀመሪያ የወጡት እነሱ ናቸው፤ እንግዲህ መጨረሻ ይገባሉ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ገብተዋል።»

«ዕቃዎቹን አይደለም። ካርዶቹን ነው የምለው።»

ደምመላሽ ነገሩ አልገባውም። እንደ ሞኝ ፈገግ አለ። «ዕቃው ከገባ በኋላ ካርዱ ምን ያደርጋል? ከሰል ማቀጣጠያ ሆኑ እንጂ።»

ሰብለወርቅ ግድግዳው ላይ የቀሩትን አራት ካርዶች አየች። የቆርቆሮው ጥላ ብቻ ይንኳኳል። ከዚያ ሳቀች፤ ደምመላሽ እንዲህ ያለ የከፋ ሳቅ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም።

«ከሰል ማቀጣጠያ» አለች። «ያው እኔም አይቼዎታለሁ። በመጋቢት። በሩ ላይ ቆሜ። እያንጎራጎሩ ካርዴን እሳት ውስጥ ሲከቱት አየሁ። ሦስት ወር የጠበቅኩት መልስ ይኸው ነው ብዬ ተመለስኩ። ያን ዕለት ማታ ለልጄ ደወልኩና ነይና ውሰጂኝ አልኳት።»

«የምን መልስ?»

«ጋሽ ደምመላሽ፣ እባክዎ። ትልቅ ሰው ነዎት። ባይፈልጉኝ እንኳ አላውቅም አይበሉኝ።»

«በማርያም! የምን መልስ ነው ወይዘሮ ሰብለ?»

ወደ ግድግዳው ሄደች። የፊት መብራቱን ካርድ ከነሽቦው ፈትታ አምጥታ እጁ ላይ አኖረችው። «ጀርባውን፣ በእርሳስ የጻፍኩትን ያንብቡልኝ» አለች።

ደምመላሽ ካርዱን ወደ ፊቱ አስጠጋ። ብርሃን ወዳለበት ዞረ። ግራጫ ካርቶን ላይ ግራጫ ነገር ያለ መሰለው፤ ወይ ደግሞ ምንም አልነበረም። የሚያነብ ለመምሰል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ላቡ በጀርባው ወረደ።

«ገልብጠው ነው የያዙት» አለች ሰብለወርቅ ቀስ ብላ።

እጁ ወረደ። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ያፈረበት ጊዜ የለም።

«አይታይዎትም?»

«ወፍራሙ ትንሽ ትንሽ ይታየኛል። በእርሳስ የተጻፈ አይታየኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጡረታ ያወጣኝ እሱ ነው።»

ሰብለወርቅ ያን የቀለም ባልዲ ስባ ተቀመጠች። «ሦስት ዓመት» አለች። «ሦስት ዓመት! እኔ ደግሞ ያልጻፍኩት ነገር የለም። ካርዱን ሲለምኑኝ ብሎኑን ሳያዩ በእጅዎ ሲለዩት አይቼ ነበር። ስሙን እንደማይፈልጉት አውቅ ነበር። እንግዲያው ካርዱን የፈለጉት ለሌላ ነገር ነው፤ በአፉ መናገር ያፈረ ሰው በጽሑፍ ልንነጋገር እያለኝ ነው አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።»

«ያንብቡልኝ» አለ ደምመላሽ። «ሰብለ፣ አንብቢልኝ።»

አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም አለፉት። ካርዱን ከእጁ ወሰደች። ልጆች ስታስተምር እንደኖረችው ጥርት አድርጋ አነበበች፤ እንባዋ ግን ቃሉን ያቋርጠዋል።

«የፊት መብራት። ‹ጋሽ ደምመላሽ፣ ይህን ካርድ ለምን እንደፈለጉት የገባኝ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ዝም ይበሉኝ፤ እኔም ዝም እላለሁ።›»

ካርዱን መልሳ እጁ ውስጥ አኖረችለት። ኮርቻው ጋ ሄደች።

«‹ዝም አላሉኝም፤ ዛሬ ስመጣ ፊትዎ በራ። በጽሑፍ አንተ ልበልህ? በአፌ አልደፍርም።›»

የሰልባትዮውን ፈታች። «‹ዛሬ ሙጠሊብ ቀልዶ ስትስቅ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቴ የወንድ ሳቅ አልገባበትም ነበር። መንገድ ተሻግሮ መጣልኝ።›»

ከዚያ የመሪውን። «‹እስካሁን መልስ አልሰጠኸኝም። የረጅም መንገድ ሹፌር አይቸኩልም መሰለኝ። ግድ የለም፤ እጠብቃለሁ።›»

ቆመች። ግድግዳው ላይ ሌላ ካርድ የለም።

«ሌሎቹስ?» አለ።

«ሌሎቹን ታውቃቸዋለህ፤ የት እንደገቡ። ስልሳ ሁለት ነበሩ። የቀሩልህ የመጀመሪያዎቹ አራት ናቸው፤ ገና ስፈራ የጻፍኳቸው። ድፍረት ያገኘሁባቸው ሁሉ ተቃጥለዋል።»

«የመጨረሻው ላይ ምን ብለሽኝ ነበር?»

«ምን ያደርግልሃል አሁን?»

«ንገሪኝ።»

«የመጨረሻው የኩሽኔታው ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ያቃጠልከው እሱን ነው።» ያነበበችው ከየትም አይደለም፤ በቃሏ ነበር የያዘችው። «‹ደምመላሽ፣ ሽማግሌ አትላክ። ለእኔና ለአንተ ሽማግሌ ከየት ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹ እኛው ነን። የልጄን ነገር ለእኔ ተወው። አንተ ብቻ መንገዱን ተሻግረህ በሬን አንኳኳ። ሳትጠይቀኝ እሺ ብዬሃለሁ።›»

ደምመላሽ አጠገቡ ያለውን ቴሮ ያዘ። የነካው ብረት እንኳ ምኑ እንደሆነ አላወቀም። «አንኳኩቼ ነበር እኮ» አለ። «ሰብለ፣ አንኳኩቼ ነበር!»

«አንኳኩተሃል። ካርዴን ሲቃጠል ካየሁ በኋላ። ለምን ቀረሽ ብለህ። እኔም ሥራ በዛብኝ አልኩህ።»

«እሺ ነው መልሴ። ያኔም እሺ ነበር። ቬስፓዋን ስሠራ ጀምሮ እሺ ነበር።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች፤ ግን ክፋት አልነበረበትም፤ ደክሟት ነበር። «ለምን አልነገርከኝም? ዓይኔን አሞኛል ማለት ምን ነበረበት? እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አነብልህ አልነበረም?»

«ፈራሁ። ነገ ዕውር እሆናለሁ፤ እጄን ይዛ ትመራኛለች ወይ አልኩ። ጧሪ ፈላጊ መጣብኝ እንዳትይ።»

ሰብለወርቅ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ደምመላሽ ተቆጥታለች ብሎ ያሰበው ስለ ካርዶቹ ነበር። አሁን ግን ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ገባው።

«ባለቤቴን አራት ዓመት አልጋ ላይ አስታምሜ ነው የቀበርኩት» አለች። «ይኼን ታውቃለህ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንተ ግን ዓይኑ ከደከመ ሰው የምትሸሽ ሴት አድርገህ ገመትከኝ። በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጠህ ይኼን እያሰብክ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንተ በሽታህን ብቻ አይደለም፣ ልብህንም ነው ከእኔ የደበቅከው። ካርዱ ቢቃጠል ስህተት ነው፤ ስህተት ይቅር ይባላል። ይኼኛውን ግን ምን ልበለው?»

«አትሂጂ።»

«ቃል ገብቻለሁ። ፅዮናዊት መንታ አርግዛ ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሺ ብሏታል። ነይና ውሰጂኝ ያልኳት እኔ፣ አለሁልሽ ያልኳት እኔ። የምትወልድ ልጄን ነገ ጠዋት ቀርቻለሁ ልበላት?»

«እንግዲያው እኔ እከተልሻለሁ። ድሬዳዋ ስንት ሰዓት ነው? ዕድሜዬን የተመላለስኩበት መንገድ ነው።»

«አትከተለኝ።» እጇን ክንዱ ላይ አደረገች፤ ያ እጅ ሲነካው የመጀመሪያው ነበር፤ ትኩስና ቀላል ነበር። «ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል። እኔንም ይቅር በለኝ፤ እኔም ብጠይቅህ አንድ ቃል ነበር፤ ኩራቴ ከለከለኝ። ዛሬ ግን አልችልም ደምመላሽ። ዛሬ አንጀቴ አሯል።»

ሦስቱን ካርዶች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አራተኛውን፣ እጁ ውስጥ ያለውን፣ አልጠየቀችውም። እሱም አልሰጣትም። ኮቴዋ መንገዱን እስኪሻገር ሰማው፤ ከዚያ በሯ ሲዘጋ ሰማ። ከኅዳር ጀምሮ የተወደደ ሰው እንደሆነ ያወቀው የተወደደበት ነገር ካለቀ በኋላ ነበር፤ ይህ ሐዘን ደግሞ ሊያጽናና የሚመጣ ሰው የሌለው ሐዘን ነው።

*

ሐሙስ በማለዳ ነጭ ሚኒባስ በሯ ላይ ቆመ። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ራቅ ስለሚል መንገደኛ ቀደም ብሎ ይወጣል። ሊወስዳት የመጣው የልጇ ባል ሻንጣዎቹን ይጭናል፤ ያስተማረቻቸው ልጆች እናቶች ከበዋት ያለቅሳሉ። ደምመላሽ በሌሊት ተነሥቶ ጢሙን ተላጭቷል፤ በዱቄት ሳሙና ጥፍሩ ሥር ያለውን ዘይት ሳይቀር ፍቆ አውጥቷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከግቢው በር ላይ ቆመ። መንገዱን ልሻገር ብሎ አስቦ ነበር፤ ልጇ ሹፌር ያለችው ሰው በአማቿ ፊት እንባውን ቢያፈስ ማንን ያስከብራል ብሎ ተወው። ከመንገዱ ማዶ የሚታየው ነጭ ነጠላና ቀለም ቀለም ያለው ሕዝብ ብቻ ነው፤ እሷ የትኛዋ እንደሆነች አልለየም።

ድምፅዋን ግን ሰማ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አማቿ ባለበት፣ ጮክ ብላ፣ «ደህና ሁን ደምመላሽ!» አለች።

ጋሽ ሲባል የኖረ ሰው በአደባባይ በስሙ ተጠራ። ደምመላሽ «ደህና ሁኚ» ሊል አፉን ከፈተ።

የመኪናው በር ተዘጋ፤ ሞተሩ ተነሣ። ደምመላሽ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ነጩ ነገር ዞረና በፊቱ ሲያልፍ የት እንደተቀመጠች ገመተ፤ ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ ትሆናለች፤ ትልቅ ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው። ወደዚያው ዓይኑን ተከለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ በመጨረሻ የምታየው ፊት የሚያለቅስ እንዳይሆን። መኪናው ወደ ዋናው መንገድ ታጥፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እጁን እንዳነሣ ቆየ።

ሙጠሊብ መጥቶ ክንዱን ያዘው። ዱቄት ዱቄት ይሸታል።

«ሙሴ» አለ። «ለማን ነበር እጅ የምታነሣው?»

«ለእሷ ነዋ።»

ሙጠሊብ መኪናው ወደታጠፈበት ዞረ። «እሷ ከኋላ ነበር የተቀመጠው። በመጨረሻው መስኮት። አንተ ሹፌሩን ነው ስታይ የነበረ።»

ደምመላሽ ያነሣው እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። «አየችኝ?»

«ዋላሂ አየችህ። መስኮቱን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉ ወጥቶ፣ እጁን ሲያወዛውዝ ነበር። አንተ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ታያለህ። እኔ ጠራሁህ፣ አልሰማህም።»

ፀሐይዋ ከአሁኑ ታቃጥላለች። ከማዶ ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ተበታተኑ፤ የሰብለወርቅ በር ከውጭ ተቆልፏል። ደምመላሽ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሙጠሊብም አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ምን ለብሳ ነበር?» አለው።

«አረንጓዴ ቀሚስ። ነጠላ ነጭ፣ ጥለቱ ቀይ።»

«ፊቷስ? ፊቷን ንገረኝ። እኔ አንድ ቀንም አላየሁትም።»

ሙጠሊብ ይኼን ሲሰማ ደነገጠ። ዞሮ የጓደኛውን ዓይን ትክ ብሎ አየው፤ ያን ነጭ መጋረጃ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። በሚያውቃት አማርኛ፣ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እያደረገ፣ ቃል ሲያጥረው በሱማሌ እየሞላ፣ የሰብለወርቅን ፊት ከግንባሯ ጀምሮ ይነግረው ጀመር፤ ደምመላሽም ራሱን ዝቅ አድርጎ እያዳመጠ አለቀሰ።